በቀን ስድስት ጊዜ

«ይሄ እኛ ጋ የለም፤ ከውጭ ግዢው» አለች የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት መስኮት ውስጥ የተቀመጠችው ሴት፣ ወረቀቱን ሳታነበው። አስከትላም ማህተሟን አንስታ ጠቅ አደረገችበት። ማህተሙ የሚለውም ያንኑ ነው፤ «እዚህ የለም፤ ከውጭ ይገዛ»። ማህተሙ የተሠራላት በቀን መቶ ጊዜ ከማለት እንድታርፍ ነበር። አሁን በአፏም ትላለች፣ ማህተሙንም ትመታለች።

የስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጯ ወረቀቷን ተቀብላ ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም። የአምስት ወር እርጉዝ ናት፤ ከኋላዋ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፏል፤ ሁሉም ሆዷን አይቶ ለመናደድ አፍሯል።

«አንብበሽዋል ግን?»

«ምኑን አነበዋለሁ? የለም አልኩሽ እኮ።»

«እሺ፣ የሌለው ምንድነው?»

ሴትዮዋ ወረቀቱን መልሳ ተቀበለች። አነበበች። ቀና ብላ ቆራጯን አየችና ደግማ አነበበች። ከዚያ ዞር ብላ ከጀርባዋ ያለውን መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች ቃኘችው፤ ልማድ ነው። «ለነገሩ ይሄም የለም» ብላ መለሰችላት።

ወረቀቱ ላይ፣ ሐኪም ጻፈው ለማለት በሚያጠራጥር ጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ተብሏል፦ የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ። ብዛት አንድ። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ከብዙ ውሃ ጋር። እስክትወልድ ድረስ። ከሥሩ የጤና መኮንኑ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ የጤና ጣቢያው ክብ ማህተም። አሁን ደግሞ ከጎኑ የመድኃኒት ቤቱ።

ጤና መኮንኑ ቀልደኛ ሰው አይደለም። ጠዋት ቆራጯ ገብታ ስትቀመጥ ገና ምን እንዳመማት ሳይጠይቃት ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ነጭ ክር አይቶ «ሦስተኛ ፎቅ ካለው ስፌት ቤት ነሽ» ብሎ ነበር። በዚህ ዓመት ብቻ ክር ለብሰው የመጡ አሥራ አራት ሴቶች አክሟል፤ በሽታው አንድ፣ ኪኒኑ አንድ። ለሁሉም ውሃ ጠጡ ይላቸዋል፤ ሁሉም እሺ ይሉታል፤ በሦስተኛው ወር ተመልሰው ይመጣሉ። «በቀን ስንት ብርጭቆ ትጠጫለሽ?» ሲላት «አንድ» አለችው። መቼ ሲላት «ከሥራ ስመለስ» አለችው። ለምን ሲላት ስለ መቀሱ ነገረችው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሦስተኛ ጊዜዋ መሆኑን፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽኑ ሽቅብ ወጥቶ ኩላሊቷን ከያዘ ልጁ ቀኑን ላይጠብቅ እንደሚችል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳት። ኪኒኑን በአንድ ወረቀት ጻፈላት። ኪኒኑ አለ፤ ኪኒኑ ሁልጊዜ አለ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታዋለች። ከዚያ ጥቂት አሰበና ሌላ ወረቀት ስቦ ይሄንን ጻፈ። «ይሄን ለማን ነው የምሰጠው?» ስትለው፣ «መድኃኒት ነው፤ የሚሰጥሽ ካለ ተቀበይ» አላት።

መቀሱ እንዲህ ነው። ስፌት ቤቱ ሠላሳ ስምንት ሴቶች የትምህርት ቤት ሸሚዝ የሚሰፉበት አንድ ረጅም ክፍል ሲሆን፣ መጸዳጃ ቤቱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አለ፤ አንድ ነው፤ ይቆለፋል። ከዓመታት በፊት ቁልፉ በአንዷ ኪስ ቤቷ ሄዶ ሁለት ቀን ስለከረመ፣ ባለቤቱ ዳግመኛ ኪስ ውስጥ እንዳይገባ ብሎ ሸራ ይቆረጥበት ከነበረ ዱልዱም መቀስ ጋር በሽቦ አሰረው። መቀሱ የክንድ ያህል ነው። ከተቆጣጣሪዋ ጠረጴዛ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። መሄድ የፈለገች ተነስታ፣ በመኪኖቹ መሃል አሥራ ስምንት እርምጃ ተራምዳ፣ መቀሱን አውርዳ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋው ትወጣለች። ሲወርድም ሲሰቀልም ይንቃጨላል። በተንቃጨለ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ራስ ቀና ይላል። አትሂዱ ያለ ማንም የለም፤ መቀሱን በቀን ሁለት ጊዜ ያወረደች ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስም ይወጣላታል። ስለዚህ ሴቶቹ ላለመሄድ ላለመጠጣት ወሰኑ። ወሰኑ እንኳ አይባልም፤ ማንም ተነጋግሮበት አያውቅም።

ውሃ ግን አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ከጤና ቢሮ መመሪያ ወጥቶ፣ ከሠላሳ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሁሉ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ እንዲያቀርብ ታዟል። ጥሩ መመሪያ ነው። አሥራ አንድ አንቀጽ አለው፤ ስለ በርሜሉ ክዳን፣ ስለ ቧንቧው፣ ከወለሉ ስለሚኖረው ከፍታ ሁሉ ይናገራል፤ የተጠጣው ውሃ በኋላ የት እንደሚሄድ የሚናገር አንቀጽ የለውም። በየሦስት ወሩ ሁለት የቢሮው ሰዎች እየመጡ ክዳኑን ከፍተው ያያሉ። ሁልጊዜ ሙሉ ነው። በዚህም ስፌት ቤቱ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶት በመስታወት ተደርጎ ተሰቅሏል፤ ከመቀሱ ጎን።

ከመቀሱና ከምስጋናው ሥር የምትቀመጠው ተቆጣጣሪ የቆራጯ አክስት ናት። ሠራተኞቹ ሳትሰማ እትዬ መቀስ ይሏታል፤ ስትሰማ እትዬ ብቻ። ቆራጯን አሳድጋ፣ ሙያ አስተምራ፣ ሥራ ያስገባቻት እሷ ናት፤ ቆራጯና ባሏም የሚኖሩት እሷ ግቢ ውስጥ፣ የኋላው ክፍል ነው። ጠዋት አብረው ይሄዳሉ፣ ማምሻውን አብረው ይመለሳሉ፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ስለሚወለደው ልጅ ሹራብ ያወራሉ። መቀሱ ግን በመንገዳቸው ላይ ተነስቶ አያውቅም። ቤት ሲደርሱ የአክስቷ ባል፣ ከማተሚያ ቤት ጡረታ የወጣው ሰውዬ፣ በሩ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። «ደኅና ዋልሽ?» ይላል። አክስቷ መልስ ሳትሰጠው፣ ቀና ብላም ሳታየው፣ አልፋው ወደ ጓሮ ትከንፋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታውን የሚሰጠው ለጀርባዋ ነው። «አለቃ ካደረጓት ወዲህ ኮርታብኛለች» ብሎ ለጎረቤት አምቷታል።

ቆራጯ ከጤና ጣቢያው ስትመለስ አራት ሰዓት ሆኗል። አክስቷ ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ «ምን አሉሽ?» አለቻት።

«ውሃ ጠጪ አሉኝ።»

«ጥሩ ነዋ። ውሃው ያው።» በአገጯ በርሜሉን አመለከተቻት።

ሁለቱም በርሜሉን አዩት። ሁለቱም ከጠረጴዛው በላይ የተሰቀለውን አላዩም። ቆራጯ ወረቀቱን ኪሷ ውስጥ በእጇ ይዛዋለች። ብታወጣው ምን እንደሚከተል ታውቃለች፤ አክስቷ ደንቡ የኔ አይደለም ትላለች፤ እውነቷንም ነው፤ ከዚያ ያ ቃል አብሯቸው ቤት ሄዶ እራት ላይ ይቀመጣል፤ ነገም ጠዋት አብሯቸው ይመጣል። ወረቀቱን ለቀቀችውና ወደ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ሄደች። ከጠረጴዛው ላይ እርሳስ፣ የካርቶን ቁራጭና መለኪያ ሜትሯን አነሳች። ተመልሳ መጥታ መቀሱን አወረደችው። ተንቃጨለ። ሠላሳ ሰባት ራስ ቀና አለ። «ከሐኪም ገና መምጣቷ ነው» አለች የጨርቅ ጠርዝ በሚዘመዝመው ኦቨርሎክ መኪና ላይ የምትሠራው፣ ስሟን መኪናው ወስዶት ኦቨርሎክ የሚሏት ሴት፤ ሌሎቹም ይቅርታ ያደረጉላት ይመስል ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ቁልፉ የድሮ በር ቁልፍ ነው፤ አንገቱ ረጅም፣ ጫፉ ላይ ሦስት ጥርስ ያለው። ቆራጯ መጸዳጃ ቤት ገብታ ጉዳይዋን ከፈጸመች በኋላ ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ቁልፉን አስተኝታ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አዞረችበት። ውፍረቱን በሜትሯ ለክታ ጥግ ላይ ጻፈች። አሥራ ሁለት ዓመት አንገትጌና እጅጌ ስትነድፍ የኖረች እጅ ናት፤ ጥርሶቹን ስትነድፍ ምላሷን እንኳ አላወጣችም። ወጥታ መቀሱን ሰቀለች፤ እስከ ምሳ ድረስ ሸሚዝ ቆረጠች፤ በመሃል ካርቶኑንም ቆረጠችው።

ቁልፍ ቀራጩ ከሕንፃው ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ እሱ ከተቀመጠ ሞረዱ፣ ሞረዱ ከተቀመጠ እሱ ውጭ መሆን አለበት። ከራሱ በላይ በቀይ ቀለም «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቁልፍ አንቀርጽም» የሚል ተለጥፏል። ካርቶኑን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አወጣው፤ አገላበጠው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣ መልሶ አወረደው።

«እህቴ፣ ይሄ ቁልፍ እንዳንቺ ነው እንዴ?»

«እንዴት እንደኔ?»

«ወፍሯል። ስንት ወሩ ነው?»

ቆራጯ ካርቶኑን ነጥቃ አየችው። በሁሉም በኩል፣ በአንገቱም በጥርሱም ዙሪያ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ትርፍ ትታለታለች፤ ለስፌት የሚገባውን። የእርሳሱ መስመር ከውስጥ በኩል በትክክል ተነድፎ ቀርቷል፤ መቀሷ ግን እንደ ልማዷ ከመስመሩ ውጭ ዞራለች። የሳቀችው ሳቅ ደረጃ የሚወጣ ሰው አስቆመ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ከገባች ጀምሮ ያልሳቀችው ሳቅ ሁሉ እዚያ ወጣ፤ ሆዷን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። «ብረት ወደ ውስጥ አይታጠፍልኝም» አለ ቁልፍ ቀራጩ በቁም ነገር፤ «ትርፉን አንቺው አውጪልኝ።» ከኪሷ ትንሿን መቀስ አውጥታ በመስመሩ ላይ አስተካከለችው። አሁን ቁልፍ መሰለ።

«ደህና። የማን በር ነው?» አለና በጣቱ ቀዩን ጽሑፍ አሳያት።

ወረቀቱን ሰጠችው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። «በቀን ስድስት ጊዜ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት፤ «እስክትወልድ ድረስ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሆዷን አየ፤ ክቡን ማህተም በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ የመድኃኒት ቤቱን ማህተም ጮክ ብሎ አነበበው፤ «እዚህ የለም፤ ከውጭ ይገዛ።» ከተቀመጠበት ሆኖ ግራና ቀኙን፣ ሞረዱን፣ ደረጃውን፣ መንገዱን ተመለከተ። «እንግዲህ ውጭ ማለት እኔ ነኝ» አለ። በሁለት ሻይ ዋጋ ሠራላት። ስትሄድ «ካላዳነሽ ተመለሺ፣ መጠኑን እንጨምራለን» አላት።

ከምሳ በኋላ ቆራጯ ወደ በርሜሉ ሄዳ አንድ ብርጭቆ ሞልታ ጠጣች። ቧንቧው ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ስለቆየ መጀመሪያ አስነጠሰ። ሴቶቹ ሁሉ ሲያይዋት ሁለተኛ ደገመች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆርጣ ተነሳች፤ መቀሱ ወዳለበት ሳትዞር፣ ምንም ሳታቅፍ፣ በባዶ እጇ በሩን ወጥታ ሄደች። ተመልሳ መጣች። የተንቃጨለ ነገር የለም። አክስቷ የአዝራር ካርቶን እያስቆጠረች ስለነበር አላየችም፤ ኦቨርሎክ ግን አይታለች። ኦቨርሎክ የማታየው ነገር የለም። የመቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ጥቅል ልትወስድ ስትመጣ ጎንበስ ብላ «በምን ገባሽ?» አለች።

በዚያ ስፌት ቤት የተቆረጠ ጨርቅ በጥቅል በጥቅል ይታሰርና ቁጥር ተለጥፎበት ከመኪና ወደ መኪና ይዞራል፤ ሲያልቅ ወደ ቆራጯ ይመለሳል። ቆራጯ ቁልፉን በሐኪሙ ወረቀት ጠቀለለችው፤ ይዞ ለሚጠይቅ ማስረጃ እንዲሆን ብላ። በሁለት የእጅጌ ቁራጭ መሃል አስገብታ አሰረችውና ቁጥር ሠላሳ አራት ለጥፋ ለኦቨርሎክ ሰጠቻት። ኦቨርሎክ ቦታዋ ሄዳ ፈታችው። አነበበች። ተነስታ ሦስት ብርጭቆ ውሃ በተከታታይ ጠጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው ተብሎ በቅደም ተከተል የሚነገር አይደለም። ቁጥር ሠላሳ አራት እጅጌ ሰፊዋ ጋ ሄደ፤ አንገትጌ ሰፊዋ ጋ ሄደ፤ ሸሚዝ በካውያ የምትተኩሰው ተኳሽ ጋ ሄደ። ጥቅሉ ሲደርሳት እያንዳንዷ መጀመሪያ ወደ በርሜሉ፣ ቆየት ብላ ወደ በሩ ትሄዳለች። ሰባት ዓመት እዚያ ቤት ውስጥ ከንፈሯን በውሃ አርሳ የማታውቀው እጅጌ ሰፊ ብርጭቆውን ይዛ «ቀዝቃዛ ነው እንዴ? እኔ እኮ ለብ ያለ ነበር የሚመስለኝ» አለች። ራስ ምታቷ ነው እየተባለ ስትነጫነጭ የምትውለው ተኳሽ ዘጠኝ ተኩል ላይ ዘፈን ጀመረች፤ ዘፈኑ ድሮ የተረሳ ስለነበር ከመሃል ጀምሮ ሌሎች አስታወሷት። መኪኖቹ ከወትሮው ፈጠን ብለው ያንኳኩ ነበር። አክስቷ ቀና ብላ ክፍሉን አየችና፣ ከምሳ ወዲህ መቀሱን የነካ እንደሌለ አስተውላ፣ «ዛሬስ ጎበዞች ናችሁ» አለች። አንዷ ሳቋን ለመዋጥ ሸሚዝ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

አሥር ሰዓት ላይ አክስቷ በርሜሉን ልታይ ተነሳች። ለዕለቱ ክትትል ነው፤ ሁልጊዜ ታያለች፤ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ክዳኑን ከፈተች። ጎንበስ አለች። በእጇ ጎኑን መታ መታ አደረገችው፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ቀስ ብላ ዞራ ሚስማሩን አየች። መቀሱ አለ።

«ውሃውን ማነው የደፋው?»

«አልተደፋም፣ እትዬ» አለች ኦቨርሎክ ከመኪናዋ ሳትነሳ። «ጠጣነው።»

«ጠጣችሁት?»

«አዎ።»

«ጠጥታችሁስ?»

መኪኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ይህ ጥያቄ በዚያ ክፍል ተጠይቆ አያውቅም። ከሠላሳ ስምንቱ ሴቶች ዓይን ጥቂቱ፣ ሳያስበው፣ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሄደ። አክስቷ ዓይናቸውን ተከትላ መጣች። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቁጥር ሠላሳ አራት ተቀምጧል፤ ሲፈታና ሲታሰር ውሎ ማሰሪያው ተበልቷል፤ ውስጡ ያለው እጅጌ አንድ መርፌ አልገባበትም። ፈታችው። ቁልፉን በግራ እጇ ያዘች፤ ወረቀቱን በቀኝ እጇ ከፊቷ አርቃ ይዛ አነበበችው። ከመጀመሪያው እስከ ማህተሞቹ አነበበችው። ቆራጯ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዛ ቆማለች፤ ሥራዋን፣ የኋላውን ክፍል፣ ጠዋት ጠዋት አብረው የሚሄዱበትን መንገድ፣ ሁሉንም አንድ ላይ የያዘች ይመስል።

«ሲያምሽ ሦስተኛሽ ነው?» አለች አክስቷ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ሦስተኛዬ።»

«እኔን አትነግሪኝም?»

ቆራጯ እዚያ ክፍል ውስጥ እትዬ እያለች፣ እርስዎ እያለች ነበር የምታናግራት። አሁን ግን «ቁልፉ እኮ አንቺ ጋ ነው፣ አክስቴ» አለች።

አክስቷ ወረቀቱን አጣጥፋ የቆራጯ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ከተተችላት፤ ቁልፉን ግን የራሷ ኪስ ውስጥ። ኦቨርሎክ ዓይኗን ጨፈነች። አክስቷ ወደ በርሜሉ ተመለሰች፤ በሁለት እጇ አዘንብላ ከታች የቀረችውን ግማሽ ብርጭቆ ቀዳች፤ ቆማ እስከ ጭላጯ ጠጣቻት። ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከዚያ ቀሚሷን አስተካክላ፣ በመቀሱ ሥር አልፋ፣ መቀሱን ሳትነካ፣ በሩን ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ እርምጃዋ ተሰማ፤ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። ከዚያ ብዙ ቆየች። እንዲያ ስትቆይ ነው ሴቶቹ እርስ በርስ የተያዩት፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እትዬ መቀስ መቀሱን ስታወርድ ያየ ሰው እንደሌለ የገባቸው ያኔ ነው። ከእነሱ ይልቅ እሷ ነበረች ማውረድ የማትችለው፤ የምትቀመጠው ከሥሩ ነዋ። በመጨረሻ ከግድግዳው ጀርባ ውሃው ሲለቀቅ ተሰማ፤ ረጅም፣ ግርማ ያለው ድምፅ ነበር።

ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። ቁልፉን እጅጌዎቹ መሃል መልሳ አስገባችው፤ እሷም በጊዜዋ ቆራጭ ስለነበረች በሚገባ ቋጠሮ አሰረችው፤ የተላጠውን ቁጥር በጣቷ ተጭና ለጠፈችው። «ሠላሳ አራት ገና አልተሰፋም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ። «ይዙር። ውሃም አስሞሉ፤ የጤና ቢሮዎቹ ቢመጡ ባዶ ነው ብለው ምስጋናችንን ይነጥቁናል።» መጀመሪያ የሳቀችው ተኳሿ ናት። ሌሎቹ ተከተሏት። አክስቷ አልሳቀችም፤ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠችና የአዝራር ካርቶኖቿን እንደ አዲስ መደርደር ጀመረች፤ አንዱን ካርቶን ግን ገልብጣ ነበር የያዘችው።

ማምሻውን ሁለቱ እንደ ወትሯቸው አብረው ወጡ። ስለ ሽንኩርት አወሩ፤ ቀንሷል ተባብለዋል። ስለ ሹራቡ አወሩ፤ አንገቱ እንደጠበበ፣ መፈታት እንዳለበት ተስማሙ። ስለ ቁልፉ አላወሩም፤ አክስቷ ግን መንገድ ሲሻገሩ የማታደርገውን አድርጋ ክንዷን ያዘቻት፤ ተሻግረውም አልለቀቀቻትም። ቀስ እያሉ ነበር የሚሄዱት። ቆራጯ ቤታቸው እንዲህ ሩቅ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቀችው፤ ለካ ሁልጊዜ በሩጫ ነበር የሚደርሱት።

ሰውዬው በርጩማው ላይ ነበር። ጋዜጣውን አጥፎ፣ «ደኅና ዋልሽ?» አለ፤ ብሎም እንደ ልማዱ ጋዜጣውን መልሶ ሊዘረጋ ጀመረ።

አክስቷ ቆመች። ግድግዳው ሥር ያለችውን ሌላዋን በርጩማ በእግሯ ጎተተች፤ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ጫማዋን ፈታች።

«ደኅና» አለችው። «አንተስ እንዴት ዋልክ?»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ሚስቱን አያት፤ ጓሮውን አየ፤ መልሶ እሷን አያት። ከዚያ ወደ ቆራጯ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምን ሆናለች? ከሥራ አባረሯት እንዴ?»